ወንበር ጠባቂ

(በፓኪስታን ፑንጃብ ክፍለ ሀገር፣ ቦስታንፑር በምትባል የጥጥ አገር ከተማ፣ ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህርት የሱግራ ቢቢ ግቢ፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፣ የእጩዎች ምዝገባ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ የሟች ልጃቸው ባል፣ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት አባል የነበረው ማሊክ ሙዛፈር፣ ወረቀት ይዞ ፊታቸው ቆሟል።)

ሱግራ፦ አልፈርምም አልኩህ! ስንት ጊዜ ልበልህ? ደግሞ ጥላው ውስጥ ግባ። ፀሐዩ አናትህን መትቶህ እዚህ ብትወድቅ አማቱ ገደለችው ሊሉኝ ነው።

ሙዛፈር፦ እማማ፣ አንዲት ፊርማ እኮ ናት። «አቅራቢ» የሚለው ቦታ ላይ። ልጄን አሪባን ለእጩነት የሚያቀርብ የከተማው መራጭ ያስፈልጋል፤ ሕጉ ነው።

ሱግራ፦ ሕግ አንተ ትነግረኛለህ? መጀመሪያ እነዚያን ጠመንጃ ያዦችህን ከናናዬ ላይ አንሣልኝ። ረግጠው ጨረሱት።

ሙዛፈር፦ ጠባቂዎቼ ናቸው። ጠላት አለብኝ።

ሱግራ፦ አንተን ማን ይጠላሃል? ለመጠላትም እኮ አንድ ቦታ መቆም ይፈልጋል።

ሙዛፈር፦ እሺ ይስደቡኝ። አሪባ ግን እሺ ብላለች።

ሱግራ፦ ምን ብላ?

ሙዛፈር፦ «አያቴ ካለች» ብላ።

ሱግራ፦ እሱማ እሺ አይደለም። እምቢ ማለት ከብዷት ወደ እኔ ላከችህ። አባትን እምቢ ማለት የት ትማረው? የምትለማመድበት አባት መች ነበራትና! አሁንስ የት ናት? ምሳ በልታ ይሆን? ጠዋት ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ፣ የሰው የወተት ጎሽ ምጥ ይዟታል ተብሎ በሞተር ወሰዷት። በሞተር! ያን መንገድ አየኸው? ጉድጓድ ብቻ ነው።

ሙዛፈር፦ እኔስ የምለው ይሄንኑ አይደል? የማሊክ ልጅ የከብት ሐኪም ሆና፣ ክንዷን እስከ ብብቷ ጎሽ ውስጥ ከትታ ስትውል ለቤተሰቡ ክብር ነው?

ሱግራ፦ እሷ ከከተተችበት ቢያንስ ጥጃ ይወጣል። አንተ ሃያ አራት ዓመት እጅህን ከከተትክበት ምክር ቤት ምን ወጣ?

ሙዛፈር፦ እንዴ! ሚኒስትር ሆኛለሁ እኮ።

ሱግራ፦ የዓሣ ሚኒስትር! ለሰባት ወር! በጥጥ አገር! ኩሬውን የመረቅህ ዕለት ዓሣው ከገበያ በባልዲ ነው የመጣው። ግማሹ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፍፎ፣ አንተ ጥብጣብ ቆርጠህ ታጨበጭባለህ። ባይኔ ነው ያየሁት፤ ወንበር ስላልተሰጠኝ ከኩሬው ዳር ቆሜ ነበር።

ሙዛፈር፦ ይበሉ። ሕዝቡ ግን አራት ጊዜ መርጦኛል።

ሱግራ፦ በአራት ፓርቲ። እኛ አገር ያልተማረ ሰው የሚመርጠው ወረቀቱ ላይ ባለው ሥዕል ነው። አንተ መጀመሪያ ጃንጥላ ላይ አትሙ አልክ። ቀጥሎ ደወል። ከዚያ መሰላል። ከዚያ ማንቆርቆሪያ። ምስኪኗ ጎረቤቴ ሃጅራን ግራ ቢገባት አራቱም ላይ አተመችና ድምፅዋ ተሰረዘ። «ሁሉም ማሊክ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ሙዛፈር፦ ፖለቲካ ነው፣ እማማ። ጊዜውን ማየት ያስፈልጋል።

ሱግራ፦ ምርጫው ባለቀ ቁጥር ባንዲራውን እዚህ ጥለህብኝ ትሄዳለህ። ጨርቅ አይጣልም ብዬ አራቱን ገጣጥሜ ሰፋኋቸው። የማልባት ጎሽ በብርድ ጊዜ ትለብሰዋለች። አራቱም ፓርቲ ውስጥ አለችበት፤ እሷ ግን ወተት ትሰጣለች።

ሙዛፈር፦ እንዳሻዎ። እኔ ራሴ ብቀርብ እዚህ መጥቼ ይሄን ሁሉ አልሰማም ነበር። ፍርድ ቤቱ አምስት ዓመት ባያግደኝ…

ሱግራ፦ ፍርድ ቤቱ ምን በደለህ? በጂኦግራፊ ተመርቄያለሁ ብለህ ወረቀት አቀረብክ። ዳኛው «እስቲ የቼናብና የሱትሌጅ ወንዞች የት ነው የሚገናኙት?» አለህ። እዚህ አገር ዋና የሚለማመድ ሕፃን የሚያውቀውን። ምን ብለህ መለስክ?

ሙዛፈር፦ እሱን ይተዉት።

ሱግራ፦ ምን ብለህ መለስክ?

ሙዛፈር፦ …«በጉዳዩ ላይ ፓርቲያችን ገና አቋም አልያዘም።»

ሱግራ፦ ጋዜጣ ላይ ነው ያነበብኩት። አሪባ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ሦስት ወር ሙሉ ጓደኞቿ «አቋም፣ ነይ ምሳ እንብላ» እያሉ ሲጠሯት ከረሙ። ስልክ ደውላ የምትስቅ መስላ ታለቅሳለች። እኔ ልጅቷ ትምህርቱን ትታ ትመጣለች ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አልተወችም። እንኳን አልተወች።

ሙዛፈር፦ አየሽ… አዩ? ጠንካራ ናት። ለዚህ ነው ወንበሬን እሷ ትጠብቅልኝ የምለው። እገዳዬ ሲያልቅ እሷ ትነሣለች፣ እኔ እቀመጣለሁ። ሥራ እኮ የለውም! አንሺ ስላት እጇን ታነሣለች፣ አውርጂ ስላት ታወርዳለች።

ሱግራ፦ እጇ ሥራ አለው። የወንድምህ ልጅ ጉላምስ? ጢሙን አበጥሮ ይህን ቀን ሲጠብቅ አይደል የኖረው?

ሙዛፈር፦ ጉላም ከተቀመጠ መች ይነሣል!

ሱግራ፦ ገባኝ። ተነሺ የምትባል ነው የፈለግከው። አምጣ እስቲ ወረቀቱን። ሰው እንኳን ልጁን በግ ሲሸጥ ወረቀቱን ያነባል። «እጩው የአገሩ ዜጋ የሆነ… በመራጭነት የተመዘገበ… ዕድሜው ከሃያ አምስት ዓመት ያላነሰ…» አሪባ ዕድሜዋ ስንት ነው?

ሙዛፈር፦ የማን? የአሪባ?

ሱግራ፦ የአሪባ። የልጅህ። አንድ ናት፤ ብዙ ቢሆኑ ተምታቱበት እል ነበር።

ሙዛፈር፦ ሃያ አምስት… የለም፣ ሃያ ሰባት። ሃያ ሰባት ናት።

ሱግራ፦ ጨረታ ነው እንዴ የምትጨምረው? ሃያ ስድስት ናት። መታወቂያዋ ላይ ግን ሃያ አራት።

ሙዛፈር፦ እንዴት ሆኖ?

ሱግራ፦ ትምህርት ቤት ልትመዘገብ ስታመጣት መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። «የተወለደችበትን ቀን እኔ የተመረጥኩበት ቀን ያድርጉት» አልከኝ። በየመድረኩ «ቦስታንፑር እኔን በመረጠች ቀን አላህ ሴት ልጅ ሰጠኝ» እያልክ ታስጨበጭብ ስለነበር። አንተ በተመረጥክ ቀን ልጅቷ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ግቢ ውስጥ ዶሮ ታባርራለች። አንተ ግን ወረቀቱ ከንግግርህ ጋር እንዲስማማ ፈለግክ። እንዳልከኝ ጻፍኩት። ይኸው እስከ ዛሬ አላህን ይቅር በለኝ እላለሁ።

ሙዛፈር፦ ሃያ አራት! ወላሂ… ቆይ፣ ቆይ። መዝገብ ቤት የአክስቴ ልጅ አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስተካክለዋል። ደግሞ ማጭበርበር አይደለም፤ እውነቱ ሃያ ስድስት ነው አላሉም?

ሱግራ፦ በዕድሜህ አንዴ እውነት ልትናገር ሆነ፣ እሱንም በዘመድ!

ሙዛፈር፦ ምን ችግር አለው?

ሱግራ፦ ችግሩማ፣ ተፎካካሪህ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይሄዳል። «ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ዕድሜዋን ቀየረች» ይላል። የትምህርት ማስረጃዋ ላይ አንድ ቀን፣ መታወቂያዋ ላይ ሌላ ቀን። አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ ያቆሟታል። ዲግሪዋን «እስኪጣራ» ብለው ይይዙታል፤ የሐኪምነት ፈቃዷን ይነጥቋታል። ስማኝ ሙዛፈር፤ በዚህ ቤተሰብ የእውነት የሆነ አንድ ዲግሪ አለ። እሱን አትነካብኝም።

ሙዛፈር፦ እኔ ክፉ መናገር አልፈልግም ነበር። የምትሠራበት የወተት ድርጅት ባለቤት ወዳጄ ነው። ቾሊስታን በረሃ ውስጥ አዲስ ጣቢያ ከፍቷል። ሐኪም ቸግሮታል አሉ።

ሱግራ፦ ቾሊስታን? ውሃ በቦቴ የሚሄድበት? ብቻዋን?

ሙዛፈር፦ አሉ ነው ያልኩት።

ሱግራ፦ እኔንስ አዛውረኸኝ የለ? የመሰላሉ ጊዜ፣ ፎቶህን ትምህርት ቤቴ ግድግዳ ላይ አላስለጥፍም ስላልኩ። አርባ ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ፣ ሁለት ዓመት። ይሄ ጉልበቴ እዚያ ነው የቀረው።

ሙዛፈር፦ ያለፈ ነገር ነው እማማ።

ሱግራ፦ ያለፈውን ገና መች ነካሁት? ልጄን ሩክሳናን መች አነሣሁ?

ሙዛፈር፦ እሷን አያንሡ። እባክዎ።

ሱግራ፦ ሁለተኛው ምርጫህ ዕለት ልጄ ደም ሲፈስሳት፣ ለከተማው ያበረከትከው አምቡላንስ፣ ፎቶህ ግራና ቀኙ ላይ የተለጠፈበት፣ የት ነበር?

ሙዛፈር፦ የምርጫ ቀን ነበር እኮ፣ እማማ።

ሱግራ፦ የት ነበር?

ሙዛፈር፦ መራጭ ያመላልስ ነበር።

ሱግራ፦ ሩክሳና ባጃጅ ውስጥ ሞተች። አንተ በሦስት መቶ ድምፅ አለፍክ። የሰባት ዓመቷን አሪባን እጇን ይዤ እዚህ መጣሁ፣ ከዚያ ወዲያ አልለቀቅኳትም። ዛሬ መጥተህ ልቀቂያት ትለኛለህ።

ሙዛፈር፦ ይቅርታ፣ ስልኬ ነው… ከፓርቲው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የአሪባን ስም ካላስገባሁ ለጉላም እንሰጠዋለን ይላሉ።

ሱግራ፦ ለጉላም ከሰጡትስ?

ሙዛፈር፦ አለቀልኝ። ሃያ አራት ዓመት የለፋሁበት… አለቀልኝ ማለት ነው።

ሱግራ፦ እና በንዴትህ ልጅቷን በረሃ ትልካታለህ።

ሙዛፈር፦ ሰው ሲከፋው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

ሱግራ፦ የአንተ ይታወቃል። አምጣ ብዕርህን።

ሙዛፈር፦ አላህ ይስጥዎ! ልብዎ ሩኅሩኅ መሆኑን አውቅ ነበር! እዚህ ጋ፣ «አቅራቢ» ከሚለው ፊት ለፊት…

ሱግራ፦ እዚያ አይደለም። ከላይ። «የእጩው ስም» የሚለው ላይ። ሱግራ ቢቢ ብዬ ጻፍኩ፤ እየው፣ ይነበባል?

ሙዛፈር፦ ምን አደረጉ? እርስዎ? ሰባ አንድ ዓመትዎ እኮ ነው!

ሱግራ፦ ሃያ አምስት ሞልቶኛል።

ሙዛፈር፦ የምክር ቤቱን ደረጃ እንኳ አይወጡትም!

ሱግራ፦ እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነው። የግፊት መድኃኒቴ አለ። ምክር ቤቱ ያለበት ላሆር ድረስ ያን ሁሉ መንገድ መኪና ላይ መቀመጥ አለ። የሆቴል ምግብ አለ፤ በምን ዘይት እንደሚሠሩት አላህ ይወቅ። ፈርቻለሁ፤ አልዋሽህም። ግን ከእኔና ከእሷ አንዳችን እዚያ ጉድ ውስጥ የምንገባ ከሆነ እኔ ልግባ። እኔ የቀረኝ ዕድሜ ትንሽ ነው፣ ቢባክንም አያስቆጭም።

ሙዛፈር፦ ማን ሊመርጥዎት?

ሱግራ፦ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተማርኩ። በዚህ ከተማ ስሟን መጻፍ የምትችል ሴት በሙሉ፣ ካልሆነችም እናቷ፣ እኔ ፊት ቁጭ ብላ ነው ፊደል የቆጠረችው። ዛሬም ገበያ ሲያገኙኝ ነጠላቸውን አስተካክለው ነው የሚያናግሩኝ።

ሙዛፈር፦ ሴቶቹ… ከመራጩ ግማሹ ሴት ነው… ባለፈው ያለፍኩት በስንት ነበር… ወላሂ! ይሄማ ይሻላል! እርስዎ ምንም አይደክሙም፣ እማማ። ንግግሩን እኔ እጽፋለሁ፣ ከጎንዎ እቀመጣለሁ…

ሱግራ፦ መጀመሪያ ለባለ ወተቱ ወዳጅህ ደውል። አሪባ ካለችበት እንዳትነቃነቅ በለው። እኔ ፊት። ድምፁንም ክፍት አድርገው፤ ጆሮዬ ደክሟል።

ሙዛፈር፦ አሁኑኑ?

ሱግራ፦ ሰዓቱ የሚሮጠው በአንተ ላይ ነው።

ሙዛፈር፦ …ሃሎ? አዎ፣ ማሊክ ነኝ። ስለ ልጄ ያልኩህ… የለም፣ ተወው። እዚሁ ትቆይ። አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ። አላህ ይስጥልኝ። …ይኸው፤ ሰሙ?

ሱግራ፦ ሰማሁ። አሁን «አቅራቢ» ላይ አንተ ፈርም። መመረጥ እንጂ መምረጥ አልከለከሉህም።

ሙዛፈር፦ እኔ? እሺ… ይኸው ፈረምኩ። «ፓርቲ» የሚለው ላይስ? ማንቆርቆሪያው ይሁን?

ሱግራ፦ ምንም አትጻፍ። በግል ነው የምቀርበው። ፓርቲው ጉላምን ይውሰድ።

ሙዛፈር፦ አሃ! ገባኝ! በግል እንገባለን፣ ከዚያ ላሸነፈው ፓርቲ ድምፃችንን… እማማ፣ ለካ እርስዎም ፖለቲካ ያውቃሉ!

ሱግራ፦ እንገባለን አትበል። የምገባው እኔ ነኝ።

ሙዛፈር፦ እሺ፣ እርስዎ አሸነፉ እንበል። የኔ ነገርስ? እኔ ምን እሆናለሁ?

ሱግራ፦ አንተማ ጉዳይ ካለህ፣ እንደ ማንኛውም የቦስታንፑር ሰው በጠዋት ትመጣና በር ላይ ተራህን ትጠብቃለህ።