ጉንጭ ውስጥ የሚቆይ ከረሜላ

ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ሦስት በር ዝቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ይሠሩ ነበር። ሱቃቸው በጣም ጠባብ ናት። የስፌት መኪናው፣ የመተኮሻ ጠረጴዛውና ሁለት በርጩማ ከገቡባት በኋላ ለሰው የተረፈው ቦታ ጎን ለጎን ሆኖ የሚታለፍበት ብቻ ነው። ከሁለቱ በርጩማዎች አንዱ የደንበኛ ሲሆን ሌላው የልጅ ልጃቸው ነው። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉንጯ ሙሉ ስለሆነ የሚያውቃት ሁሉ «ድምቡሼ» ይላታል። እናቷ ጠዋት ወደ ቢሮ ስትሄድ እዚያ ታደርሳታለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልጅቷ ትምህርት ቤት ትገባለች።

የሽማግሌው እጅ እንደ ድሮው ነው፤ ዓይናቸው ግን ከድቷቸዋል። ሱሪ ለክቶ መቁረጥና መስፋት አያቅታቸውም፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ግን ጭንቅ ሆኖባቸው ነበር። ይህን ሥራ የያዘችው ድምቡሼ ናት። ለአንድ ሱሪ የሚያስፈልጉትን መርፌዎች ሁሉ ክር አስገብታ ስትጨርስ አንድ ከረሜላ ታገኛለች። ነገሩ ደንብ አለው። ከረሜላው አይኘክም። ጉንጭ ውስጥ ተወሽቆ፣ አልፎ አልፎ በምላስ እየተነካ፣ ሱሪው እስኪያልቅ መቆየት አለበት። ሰውዬው ራሳቸው እስፒሎቻቸውን በከንፈራቸው ይዘው ስለሚሠሩ አፍ የዕቃ ማስቀመጫ ቢሆን አይገርማቸውም። ልጅቷን ቁጠባ አስተማርኳት ብለውም ይኩራሩ ነበር። እናቷ «አባዬ፣ ከረሜላው በዛ» ስትላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ።

እንዲህ የሚያደርጉበት ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ ለማንም አይናገሩትም እንጂ። ከረሜላው ቢቀር ልጅቷ አጠገባቸው መቀመጡን ትተወዋለች ብለው ይሰጉ ነበር። ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ ሽማግሌ ሲሰፋ እያየች ጠዋቷን ሙሉ የምትቀመጥበት ሌላ ምክንያት አልታያቸውም።

አንድ ጠዋት አንዲት ወጣት እየተጣደፈች ገባች። ነጭ ጋውን ለብሳለች፤ የጋውኗን ኪስ የበር እጀታ ይዞት እስከ ታች ተተርትሯል። ከክሊኒኩ የመጣች ናት፤ የጥርስ ሕክምና ተምራ ከጨረሰች ዓመት እንኳ አልሞላትም። በሽተኛ እየጠበቃት ስለሆነ ቶሎ እንዲደርስላት ለመነቻቸው። ሽማግሌው ሌላ ሥራቸውን ወደ ጎን አድርገው ጋውኑን ተቀበሏትና በርጩማውን አሳዩዋት። የእንግዳ ወጉ ነውና የከረሜላውን ቆርቆሮ ከፍተው ዘረጉላት።

«አመሰግናለሁ አባቴ፣ አሁን አልወስድም» አለች።

«ምነው? ሰው ከረሜላ ይጠላል እንዴ?»

«አልጠላም። ምሳ ላይ ቢሆን ከምግቡ በኋላ እበላው ነበር። በየመሀሉ ግን አላስለመድኩትም፤ ሥራዬ ጥርስ ማከም ነው።»

ሽማግሌው ስጦታቸው ስለተመለሰ ቅር አላቸው። ቢሆንም ጨዋ ሰው ናቸውና ቅሬታቸውን በሳቅ ሸፈኑት። እንደ ሌላው ሕፃን ከረሜላውን በአንዴ ቆርጥማ የማትጨርስ ልጅ እንዳለቻቸው፣ አንዷን ከረሜላ ከሱሪው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው እንደምታደርስ፣ ይህንንም ያስተማሯት እሳቸው እንደሆኑ አፋቸውን ሞልተው ነገሯት። እሷም ሐኪም ብትሆን ይህን የመሰለ ልጅ አይታ እንደማታውቅ ጨመሩ። ወጣቷ ስትሰማቸው ሰው በሚኮራበት ነገር ላይ እንዴት እንደሚነገረው እያሰበች ነበር።

«አባቴ፣ ባይከፋዎት አንድ ነገር ልበል» አለች። «በአንዴ የቆረጠመችው ልጅ ከእርሷ ትሻላለች።»

የመኪናው መርገጫ ቀጥ አለ። «አባካኟ ከቆጣቢዋ ትሻላለች ነው የምትይኝ?»

«ለገንዘቡ አላልኩም፤ ለጥርሱ ነው ያልኩት። እርስዎ ጨርቅ ያውቃሉ። ጨርቅ ትንሽ ውሃ ቢነካው ምን ይሆናል?»

«ይደርቃላ።»

«እርጥብ እንደሆነ ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ቢከርምስ?»

«ይሻግታል። ይህን ማንም ያውቀዋል።»

«ጥርስም እንደዚያው ነው። ጣፋጩ ቶሎ ካለፈ ምራቅ ያጥበዋል። ጉንጭ ውስጥ ከተቀመጠ ግን የአፍ ጀርሞች ሲመገቡት ይውላሉ፣ ከእነርሱ የሚወጣው አሲድ ደግሞ ጥርሱን ይበላዋል። አንዱን ከረሜላ ጠዋቱን ሙሉ ማቆየት ጥርሱን ጠዋቱን ሙሉ መዘፍዘፍ ነው።»

ሽማግሌው በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። እሺ ይሁን፣ ይበላ ብለን እንቀበል አሉ። ታዲያ የስምንት ዓመት ልጅ ጥርስ የወተት ጥርስ አይደለም ወይ? ወላልቆ ሌላ ሊተካ ነው። ነገ ለሚጣል ልብስ ማን ካውያ ያሞቃል? እያሉ ይህን የመሰለ ብዙ ተናገሩ፤ ንግግራቸው ለራሳቸውም ደስ ስላላቸው ደገሙት። ወጣቷ የወተት ጥርስም ቢሆን ሲታመም እንደሚያቃጥል፣ ለሚተካውም ቦታ የሚይዝለት እርሱ እንደሆነ በትሕትና አስረዳች። እሳቸው ግን አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አልተዋጠላቸውም።

«ልጅቱን ራሷን ተመልከቻትና ፍረጂ» አሉና ድምቡሼን ጠሩ። ልጅቷ እስከዚያ ድረስ ከሱቁ ጀርባ ባለው የጓሮ በር ቆማ የሁለቱን ክርክር ስታዳምጥ ነበር። ቀኝ ጉንጯ ወጣ ብሏል። ሽማግሌው ወጣ ያለውን ጉንጭ በኩራት አሳዩ። «አየሽ? የጠዋቱ ነው። እስካሁን አለ።»

ወጣቷ ግን ጉንጩን እያየች ከመቀመጫዋ ተነሣች። «እስቲ ከረሜላውን አውጪልኝ፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት።

ልጅቷ አላወጣችም። እንደገና ስትጠየቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከቀሚሷ ኪስ ወረቀታቸው ያልተፈታ ሰባት ከረሜላዎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀጥላም አፏን ከፈተች። አፏ ባዶ ነበር። ጉንጯን የወጠረው እብጠት ነው።

ሽማግሌው እስፒሎቹን ከከንፈራቸው አወጡ። ልጅቷ እንዲህ አብጣ ሦስት ቀን ሙሉ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ነበር። እብጠቱን በየቀኑ አይተውታል፤ ያዩት ግን ከረሜላ መስሏቸው ነው። እናቷም ማታ ስትወስዳት «አሁንም አፍሽ ውስጥ ነው?» ብላ ተቆጥታ አልፋለች። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰፊ፣ የሱሪ ጠርዝ የፀጉር ያህል ቢዛነፍ በጣታቸው የሚያውቁ ሰው፣ የልጅ ልጃቸውን ጉንጭ ማየት አቅቷቸው መክረማቸው አንጀታቸውን በላው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ብሎ።

«ከረሜላ መብላት ካልቻልኩ ሥራውን ለሌላ ሰው ትሰጥብኛለህ ብዬ» አለች። «በርጩማዬንም።»

ሰውዬው ሰባቱን ከረሜላዎች አዩ። እሷ በርጩማዋን እንዳታጣ፣ እሳቸው እሷን እንዳያጡ፣ ሁለቱም አንዱን ቆርቆሮ ከረሜላ ይዘው ሲፈራሩ ከርመዋል።

ወጣቷ ልጅቷን ወደ በሩ ብርሃን አምጥታ ተመለከተች። የታመመው ከኋላ ያለው መንጋጋ ነው፤ መሀሉ ተቦርቡሮ ድዱ መግል ቋጥሯል። መቼ እንደበቀለ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ያስታውሳሉ። ስድስት ዓመት ሲሞላት ነው፤ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከበስተኋላ ብቅ ስላለ እነሆ አንድ የወተት ጥርስ ተጨመረላት ብለው ነበር።

«ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው» አለች ወጣቷ። «ይህ መንጋጋ የሚወልቅ ጥርስ ሳይቀድመው ከኋላ ይበቅላል። የወተት ጥርስ ይመስላል፤ ግን እስከ እርጅናዋ የሚያገለግላት ነው። እንዲህ መግል ከያዘ በኋላ ደግሞ ማዳን ይከብዳል።»

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። ጋውኑን ጨርሰው ሰጧት፣ የልጅቷን እናት ከቢሮ አስጠሩ፣ ሱቁን በሥራ ሰዓት ዘጉ። ሱቃቸውን በሥራ ሰዓት ሲዘጉ ማንም አይቶ አያውቅም።

ክሊኒኩ ውስጥ የሆነው አጭር ነው። ድምቡሼ ከመርፌ ጋር ብትውልም የማደንዘዣውን መርፌ ስታይ እናቷ ጉያ ገባች። ዋናው ሐኪም ጥርሱ ይተርፍ እንደሆነ መርምሮ ስላልሆነ ነቀለው፤ መግሉም ወጣ። በግራ በኩል ያለው መንጋጋ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተገኝታ በጊዜዋ ተሞላች።

ሲመለሱ እናቷ መድኃኒት ልትገዛ ዘወር አለች፤ አያትና ልጅ መንገድ ዳር ቆሙ። ድምቡሼ በጥጥ በታፈነ አፏ «አባባ፣ ይሄኛው መቼ ነው የሚበቅለው?» አለች።

 የፊት ጥርሷ በወለቀ ቁጥር «ይበቅላል፣ አይዞሽ» የሚሏት እሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬም ዋሽተዋት አያውቁም። አሁንም እንደዚያ ብለው ቢያልፉት ይቀላቸው ነበር።

«አይበቅልም» አሉ። «የሚተካ የወተት ጥርስ መስሎኝ ችላ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም።»

ልጅቷ አሰበች። «በጭራሽ?»

«በጭራሽ።»

ቀስ ብላ ምላሷን ወደ ግራ አዞረችና የተሞላውን ጥርስ ነካካች። «ይሄኛውንስ እንዴት ነው የምናቆየው?» አለች። ሽማግሌው ይህን የሚያውቁት ከጠዋት ጀምሮ ብቻ ቢሆንም ከሐኪሞቹ የሰሙትን ሁሉ ነገሯት።

ያን ቀን የነገሯት ነገር በኋላ የቤቱ ደንብ ሆነ። ጣፋጭ የሚበላው ከምግብ ጋር እንጂ በየመሀሉ አይደለም፤ ከተበላም በኋላ አፍ በውሃ ይጉመጠመጣል፤ ጠዋትና ከመኝታ በፊት ጥርስ ይቦረሻል፤ ሕመም ይነገራል እንጂ አይደበቅም። ይህ ሁሉ ብዙ ልፋት የለውም፤ ያተረፈው ግን ብዙ ነው። ልጅቷ ምግቧን ሳታማርር መብላት ጀመረች፣ በጥርስ ሕመም ከትምህርት ቤት የቀረችበት ቀን አልነበረም፣ በስድስተኛው ወር ስትታይም አዲስ የተበላ ጥርስ አልተገኘባትም። ሽማግሌውም እስፒሎቻቸውን ከአፋቸው አውጥተው ትንሽ ትራስ ላይ መሰካት ለመዱ። ደንበኛ ሕፃን ይዞ ሲመጣ ከረሜላ ማቅረባቸውን ትተው ስለ መንጋጋ የሚያስረዱ ሰው ሆኑ፤ እንዲያውም አንዳንዱ ደንበኛ ምክሩ ስለሚረዝምበት ልብሱን ተቀብሎ ለማምለጥ ይቸኩላል።

ይህ ሁሉ ግን ውሎ አድሮ የመጣ ነው። ሽማግሌውን ያስጨነቃቸው ነገር የተፈታው በማግስቱ ጠዋት ነው። ከረሜላው ከሱቁ ወጥቷል። እናትየዋ ልጅቷ ጥቂት ቀን ቤት ትረፍ ብላ ስለነበር ሽማግሌው ማንንም አልጠበቁም። መርፌውን ወደ መስኮቱ ይዘው፣ ክሩን ደጋግመው እየሳቱ ተቀምጠው ነበር።

በሩ ተከፈተ። ድምቡሼ ጉንጯን በሻርፕ ታስራ ገባች፤ እናቷ ከኋላዋ «እምቢ አለችኝ እኮ» አለች። ልጅቷ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፣ መርፌውን ከእጃቸው ወሰደች፣ ክሩን በአንዴ አስገብታ ሰጠቻቸውና መዳፏን ዘረጋች።

ሽማግሌው የተዘረጋውን መዳፍ ሲያዩ ደነገጡ። ኪሳቸውን ዳበሱ፤ የሚሰጡት ነገር አልነበረም።

«ዛሬ ምንም የለኝም፣ ልጄ» አሉ።

ድምቡሼ ግራ ተጋብታ አየቻቸው።

«ሌላውን መርፌ ነው እኮ የጠየቅኩህ» አለች።