ለሦስት የተቆረጠው መጽሐፍ

በእኛ ጊዜ፣ በእኛ ጊዜ ስላችሁ ደግሞ ከአያቶቼ ጋር አትደምሩኝ፣ እኔ ነርስነት የተማርኩት ብዙ ዓመት ጤና ረዳት ሆኜ ሠርቼ፣ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ከገባ በኋላ ነው፤ እና ያኔ በስልክ የሚነበብ መጽሐፍ የሚባል ነገር የለም። እናንተ እዚህ ወልቂጤ እኔ ግቢ ተከራይታችሁ፣ ጠዋት ማታ "እትዬ ብርነሽ፣ የመጽሐፉ ወጪ አስጨነቀን" ስትሉኝ ዝም ብዬ የምስቀው ለዚህ ነው። ቁጭ በሉ፣ ላጫውታችሁ።

የተማርኩት ቡታጅራ ነው፣ አንድ የግል ኮሌጅ። ክፍሉ በሙሉ ልጅ ነው፣ እናት እኔ ብቻ። ታዲያ ሁለተኛ ዓመት ስንገባ አንድ መምህራችን፣ ቀጭን፣ ሲናገር ጣራ ጣራውን የሚያይ፣ ቀይ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገው። "ይህ የሌለው ተማሪ ፈተናውን አልፋለሁ ብሎ አያስብ" አለና ማስተማሩን ቀጠለ። ቀዶ ሕክምናው፣ የሕፃናቱ፣ የወላዷ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ዋጋውን ጠይቆልኝ ሲደውል፣ "ብርነሽ፣ መጽሐፍ ነው ወይስ የቤት ቆርቆሮ?" አለኝ።

ፎቶ ኮፒስ አትሉኝም? ሞክረናል። ኮፒው ሥዕሉን ያጠቁረዋል፤ ጉበቱም ሳንባውም ከሰል መስሎ ይወጣል። እና ሙሉውን ኮፒ ማስደረጉም ቢሆን ርካሽ አልነበረም።

አብረውኝ የሚያጠኑ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዷ ሰሚራ፣ የቡታጅራ ልጅ፣ እናቷ ገበያ ላይ ልብስ ይሸጣሉ፤ ፈጣን ናት፣ አፏ እንደ ምላጭ። ሌላዋ ታሪኳ፣ የጉንችሬ ልጅ፤ ዝምተኛ፣ ግን አንዴ የገባት ነገር ከእሷ አይወጣም። እና እኔ ምን አልኳቸው፣ "አንድ መጽሐፍ አዋጥተን እንግዛና ለሦስት እናስቆርጠው።"

ሰሚራ ዓይኗ ፈጠጠ። "እትዬ፣ ቆጮ ነው እንዴ የሚቆረሰው?"

"ቆጮም ቢሆን ሳይቆረስ ለሦስት ሰው አይዳረስም። አንዷ ስታነብ ሁለታችን አፏን እያየን ልንቀመጥ ነው?"

ታሪኳ ደግሞ፣ "እንግዲያው እኔ የወሊዱን ክፍል ልያዝ" አለች። በቃ ተስማማን።

መጽሐፉ መጣ፤ አዲስ፣ ሽታው ራሱ ደስ የሚል። ጋሽ ዘርጋ የሚባሉ ጠራዥ ጋ ወሰድነው። ጋሽ ዘርጋ የተገነጠለ የተማሪ መጽሐፍ በመስፋት የታወቁ ናቸው። ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና፣ "ምኑ ተበላሸ?" አሉን።

"ምንም አልተበላሸም፤ ለሦስት ይቁረጡልን።"

"እኔ የታመመ ነው የምሰፋው፣ ጤነኛ መጽሐፍ አርጄ አላውቅም" ብለው መለሱልን። ታዲያ ለመንናቸው፣ ለመንናቸው፤ በስንት ልመና ቢላቸውን ሞርደው ጀርባውን ከፈሉት። ግን ሥራቸውን አይበድሉም፤ ሦስቱንም ሰፍተው፣ ጠንካራ ካርቶን ለብጠው ሰጡን።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ የተከራየሁት ክፍል እንሰበሰባለን። ያነበበችው ላላነበቡት ታስረዳለች። ማስረዳት ካቃተሽ አላነበብሽም ማለት ነው፣ ሕጋችን ይሄ ነበር። ሰሚራ መቼም ጠያቂ ናት፤ "ለምን? እሺ ያስ ለምን?" እያለች ታደርቀናለች፤ እና ለእሷ ጥያቄ ስንል ደግመን እናነባለን። እኔ ዕድሜዬ ሄዷል፣ እንግሊዝኛውም ይይዘኛል፤ ግን በሽተኛ አጥቤያለሁ፣ ቁስል አክሜያለሁ፣ ስለዚህ መጽሐፉ የሚለውን በእጄ አሳያቸዋለሁ። ፈተናው ሲቃረብ ክፍሎቹን እንለዋወጣለን ተባብለን ነበር።

ታዲያ መስቀል መጣ። ታውቃላችሁ፣ መስቀል ሲሆን አገሩ የማይገባ የለም። ታሪኳም የወሊዱን ክፍል ሻንጣዋ ውስጥ ከታ ጉንችሬ ሄደች። የሄደው ሁሉ ተመለሰ፣ ታሪኳ የለችም። አንድ ሳምንት፣ ሌላ ሳምንት፣ የለችም። የአገሯን ልጅ ብንጠይቀው፣ "ታላቅ ወንድሟ አዲስ አበባ ሄደ፤ አባቷ ሱቅ አስቀምጠዋታል፣ ትምህርቱ ቀርቷል" አለን።

ሰሚራ፣ "እትዬ፣ ቢያንስ ክፍሉን ትላክልን፣ ወላሂ ፈተናው ደርሷል" አለች።

"ክፍሉን ልካ እሷ እዚያው ትቅር? ተነሺ፣ እንሄዳለን።"

"ሽማግሌ ሆነን ነው የምንሄደው?"

"አዎ፣ ሽማግሌ ሆነን።"

ከቡታጅራ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ በሚኒባስ አታትን አልፈን ጉንችሬ። መንገድ ላይ እናነባለን ብለን ድርሻችንን ይዘን ነበር፤ ሰሚራ አነበበች፣ እኔ ግን አንድ ገጽ አልገባኝም። የሰው አባት ፊት ቆሜ ምን እላለሁ እያልኩ ነው የሄድኩት።

ሱቁን ጠይቀን አገኘነው። ታሪኳ ከሚዛኑ ኋላ ተቀምጣለች። ስታየን ተነሥታ መልሳ ቁጭ አለች። አባቷ አቶ ንዳ ከጓዳ ወጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ በወጉ ተቀበሉን፣ አስቀመጡን። የመጣንበትን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"ይስሙኝ እመቤቴ" አሉኝ። "እኔ ነጋዴ ነኝ። ለመጽሐፍ ስትለኝ ብር ላክሁ። መስቀልን ምን ይዛ መጣች? መጀመሪያ የሌለው መጽሐፍ። ስገልጠው ከመሃል ይጀምራል። 'ምንድነው ይሄ?' ብላት፣ 'ሦስት ሆነን ቆረጥነው' ትላለች። አዲስ መጽሐፍ የሚቆርጥ ሰው አለ? ከተማው ግማሽ ዕቃ በሙሉ ዋጋ የሸጠላትን ልጅ መልሼ ልላክ?"

እኔ ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ። ሰሚራ ግን አልጠበቀችም፤ ከቦርሳዋ የእሷን አወጣች፣ የእኔንም ተቀበለችኝ፣ ባንኮው ላይ አስቀመጠች። ታሪኳም የሷን ከባንኮው ሥር አወጣች፤ በስኳር ወረቀት ለብጣዋለች፤ ለካ ደንበኛ ሲጠፋ ታነብ ኖሯል። አቶ ንዳ መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱን በተራ ደረደሩ። የአንደኛውን መጨረሻ ገጽ፣ የሁለተኛውን መጀመሪያ አዩ። የሁለተኛውን መጨረሻ፣ የሦስተኛውን መጀመሪያ አዩ። ደግመው አዩ።

"አልጎደለም" አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "እኩል ነው ያዋጣችሁት?"

"እኩል ነው።"

"እንግዲያው ሽርክና ነዋ።"

"ሽርክና ነው ጋሼ። ለመሆኑ በእናንተ በነጋዴዎቹ ዘንድ ሸሪክ ድርሻውን ይዞ ሲቀር ምን ይባላል?"

መልሱን እሳቸውም ያውቁታል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ክህደት ነው። ልጃቸውን አዩዋት፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ "አባዬ፣ አልዋሸሁህም" አለች። ይህቺን ብቻ።

"አልዋሸሽም" አሉ። መነጽራቸውን እያወለቁ ደግሞ፣ "ሱቁንስ ማን ይይዘዋል?"

እናቷ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ኖሯል። "እንሰት ስፍቅ የኖርኩ ሴት ወንበር ላይ መቀመጥ ያቅተኛል?" አሉ።

"ይሁን፤ ነገ ግን ገበያ ነው፣ ገበያውን ታግዘኝና ትሂድ" አሉን አቶ ንዳ። እኛም እዚያው አደርንና በማግስቱ ሦስታችንም ሻጭ ሆንን። ሰሚራ የገበያ ልጅ ናት፣ ሳሙናውን እሷ ጨረሰችው። ታሪኳ ጨው እየሰፈረች የወሊዱን ክፍል ታስረዳናለች፤ የእንግዴ ልጅ ሲዘገይ ምን ይደረጋል፣ ደም ሲበዛ ምን ይደረጋል። እና ጨው ሊገዙ የመጡ ሴቶች ዕቃቸውን ይዘው፣ መሄዱን ትተው፣ ቆመው ያዳምጣሉ። አቶ ንዳ ይህን ሁሉ ጥግ ይዘው ያያሉ። ማታ ሚኒባሱ ላይ ስንወጣ ሻንጣዋን የጫኑላት ራሳቸው ናቸው።

ፈተናውን ሦስታችንም አለፍን። ከወሊዱ ብዙ ጥያቄ መጣ፣ እኔ እያነበብኩ የሚሰማኝ የታሪኳ ድምፅ ነበር። ዛሬ አዋላጅ ናት፤ የስንት ሰው ልጅ በእጇ ወጥቷል።

ታዲያ ልጆቼ፣ ወጪ መቆጠብ ማለት እኔ እንደገባኝ ርካሽ መፈለግ ብቻ አይደለም። አብሮሽ የሚያነብ ሰው ካለሽ መጽሐፉም ይደርሳል፣ ትምህርቱም ይገባል። እናንተ ሦስት ሆናችሁ በአንድ ግቢ፣ በየክፍላችሁ በር ዘግታችሁ ነው የምታነቡት። እኔ ይሄ አይገባኝም።

— እትዬ፣ እኛም ከዚህ ቅዳሜ እንጀምር?

ጀምሩ። ግን መጀመሪያ ንገሩኝ፣ ሰው ፊት ማስረዳት የምትፈራው ማናችሁ ናት?

— እኔ ነኝ፣ እትዬ።

እንግዲያው አንቺ ትጀምሪያለሽ። አትሳቁባት፣ ተራችሁ ይደርሳል።