የእንግዳ ውሃ

የመጠጥ ውሃ ለመመርመር ዳሪሙ ወረዳ ሄጄ፣ እትዬ ጫልቱ ቤት ገብቼ "ልጆቹ የሚጠጡትን ውሃ ትንሽ ይስጡኝ" አልኳቸው። ክረምት ላይ ወንድ ልጃቸውን በተቅማጥ ቀብረዋል፤ ታናሽ እህቱንም ሰሞኑን ሆዷን እያመማት ነው። ጥርት ያለ ውሃ በብርጭቆ ሰጡኝ። ከመቱ ከተማ ካመጣሁት የመመርመሪያ ፈሳሽ ጠብ አደረግሁበት። ፈሳሹ ዩሮፒየም የሚባል ብረት አለበት፤ ከሽንት ቤት ወይም ከማዳበሪያ የሰረገ ፎስፌት ካገኘ አልትራቫዮሌት ባትሪ ሲበራበት ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ጨለማ ስለሚፈልግ ጋቢያቸውን ተከናንቤ አየሁት። ምንም የለም። "እሰይ! ውሃው ደህና ነው" ስላቸው እንባቸው መጣ።

ዕቃዬን ስሰበስብ ልጅቷ ጥግ ካለው ጄሪካን ቀድታ ስትጠጣ አየኋት። "እሱስ የምን ውሃ ነው?" አልኩ። እትዬ ጫልቱ ምን አሉኝ መሰላችሁ? "እሱማ የኛ ነው፣ የጓሮው ጉድጓድ። እንደምትመጣ ሲነግሩኝ ላንተ ብዬ ማልጄ ወርጄ ከምንጩ ቀዳሁልህ። ለእንግዳ የጉድጓድ ውሃ ይሰጣል እንዴ፣ ኢልመ ኮ፣ የኔ ልጅ?"

ከጄሪካኑ ቀዳሁና ፈሳሹን ጨምሬ ጋቢው ውስጥ ተመለስኩ። ባትሪውን ሳበራው ውሃው እንደ ፍም ቀላ። እሳቸውም ጋቢውን ገለጥ አድርገው አንገታቸውን አስገቡ። ቀዩ ብርሃን ፊታቸው ላይ አረፈ።

"ወይ ሲያምር!" አሉ። "ምነው ልጄ ኖሮ ይህን ባየ!"

ባትሪውን አጠፋሁት፤ ከጋቢው ለመውጣት ግን አቅም አጣሁ።