ጉቶው ላይ የሚቆመው

ክቡር አባ ሞይዜስ፤ ዶና ፌሊዝሚና፤ ልጃችን ኦሊንዳ፤ አናክሌቶን ልትሸኙ መረባችሁን ትታችሁ እዚህ አሸዋ ኮረብታ ድረስ የወጣችሁ የባሕር ዳር ሰዎች ሁሉ፤ እግዜር ያክብርልን።

እኔ አልፊያዶ ነኝ፣ ጀልባ ነጂው። አናክሌቶ ባሕር ውስጥ ገብቶ ፎቶ ሲያነሳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከላይ ሆኜ ጠበቅሁት። አንድም ቀን በሰዓቱ ወጥቶ አያውቅም።

ምን ነበር የሚያነሳው? ሰው አገር አቋርጦ ወደዚህ ወደ ኢንያምባኔ ባሕር የሚመጣው ትልቁን ሻርክ ለማየት ነው። እሱ ግን ዛጎል። እሱ ግን ድንጋይ። አንድ ጠዋት አውቶቡስ የሚያክል ሻርክ ከአናክሌቶ ጀርባ በላይ ቀስ ብሎ አለፈ። ጀልባዋ ላይ የነበሩት እንግዶች ለማየት ሲጋፉ ጀልባዋን ሊገለብጧት ደረሱ። እሱ ወጣ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ጮኸብኝ።

«ምን ሆነሃል አንተ! ጀልባህን አናቴ ላይ ታቆማለህ? ብርሃኔን ጋረድክብኝ እኮ!»

«ጀልባ አይደለም፣ ሻርክ ነው።»

«ማንም ይሁን! ዛጎሏን አጨለመብኝ።»

ፎቶው እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አለ። ጨለማ ውስጥ ያለች ዛጎል። ዋሸሁ፣ ዶና ፌሊዝሚና?

ከሁሉም በላይ ግን አንዲት ድንጋይ ነበረችው። ሜዳ አሸዋ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች፣ ከወንበር የማትበልጥ፣ ኮራል የሚባለው የባሕር ፍጥረት እንደ አበባ የሚበቅልባት። በየወሩ ውሃው ሲረጋ ይገባል፤ ከዚያው ጎን፣ ከዚያው ሦስት ክንድ ርቀት ያነሳታል። ለምን ስለው፣ «አንተስ ልጆችህን በየዓመቱ ፎቶ ቤት ትወስድ የለ?» ይለኛል።

እንዴት ነበር የምናገኛት? ዓሣ አጥማጆች ታውቁታላችሁ። ከባሕር ሆነህ ስታይ የመብራቱ ማማ ከአለቱ ጫፍ ጋር በአንድ መስመር ይገጥማል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቤት ደግሞ እዚህ ከነበረው ጎባጣ የኮኮናት ዛፍ ጋር። መልሕቅ የሚጣለው እዚያ ነው። ከዚያ አውሎ ነፋሱ መጣና ኮኮናቱን ጣለው፤ ጉቶው ብቻ ቀረ። ያን ወር አራት ቀን ፈለግን። አሸዋ፣ አሸዋ፣ አሸዋ። ቦታ የሚያመለክት መሣሪያ ገዛ፤ በሳምንቱ ከእጄ አምልጦ ሰጠመ። የሰደበኝን ስድብ አባ ፊት አልደግመውም።

ማን አዳነን? ይቺ ሴት፣ ሚስቱ ዶና ፌሊዝሚና። ቀይ ሽርጧን ረጅም እንጨት ላይ አስራ በኮኮናቱ ፋንታ ጉቶው ላይ ቆመች። ስምንት ዓመት፣ በየወሩ፣ በዚህ ፀሐይ። «ባሌ ሌላ ሴት ቢወድ ጸጉሯን እነጭላት ነበር፤ የድንጋይ ምኑ ይነጫል?» ትላለች። ግን ትቆማለች።

ባለፈው ወር ጉልበቷ እምቢ አላት። አናክሌቶም አልጋ ላይ ነበር።

«አሁን ማን ይቆምልናል? ምልክት ከሌለ ድንጋይቱ ጠፋች ማለት ነው» አለኝ።

ትራሱን አቃናሁለት።

«እንግዲያው እኔ እቆማለሁ። ጉቶው ጋ ቅበሩኝ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ወንድሞቹ፣ ከአባቱ ጎን ይረፍ ብላችሁ እስከ ትናንት ተከራክረናል። አልፈርድባችሁም። ግን ቦታውን የመረጠው ራሱ ነው፤ እሺ ስላላችሁን አመሰግናለሁ። አባ፣ አንድ ልመና አለኝ። መስቀሉ ረጅም ይሁን። ቀይም ይቀባ፤ ነጭ ከሆነ ከባሕር ሲያዩት ከአሸዋው አይለይም።

ካሜራው ኦሊንዳ ጋ ነው። መጥለቅ ያስተማራት እሱ ነው። ቅዳሜ ውሃው ሲረጋ ትገባለች።

አናክሌቶ፣ ወንድሜ፣ ቅዳሜ ከጀልባዋ ላይ ዞር ብዬ አይሃለሁ። ቀጥ ብለህ ቁም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኔ ጠበቅሁህ፤ ከእንግዲህ መጠበቅ ያንተ ተራ ነው። ደህና ሁን።