ማኅደሩን ለቶርኖ ቤቱ የከፈቱት እትዬ ስንተኛው

ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ኀዘናችንን የተካፈላችሁ ወዳጅ ዘመድ፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው እናት በሕይወት ሳሉ የተንዛዛ ንግግር የማይወዱ፣ የጎደለ ቁጥር ደግሞ ጨርሶ የማይታገሡ ሰው ስለነበሩ፣ የሰባ አንድ ዓመት ጉዟቸው ሳይረዝምም ሳይጎድልም እንዲህ ይነበብላችኋል።

እትዬ ስንተኛው ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችና ባቡር ባለፈ ቁጥር የመስኮቷ መስተዋት በሚንቀጠቀጥባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው ቃል የሚቆጥቡ ሲሆኑ እናታቸው ግን ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ የደንበኞቻቸውንም ልክ በወረቀት ቆርጠው ግድግዳው ላይ በምስማር ይሰቅሉ ነበር። አንድ ጊዜ ታዲያ ከሁለት ዓመት በፊት በተለካ ወረቀት የተሰፋ ቀሚስ፣ በሁለቱ ዓመት ውስጥ ደህና አድርገው የወፈሩት ደንበኛ ሲሞክሩት ትከሻቸው ላይ ደርሶ ወደ ላይም ወደ ታችም አልንቀሳቀስ ስላላቸው፣ በሦስት ሴቶች ጉልበትና በአንድ መቀስ ነበር ከቀሚሱ የወጡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናት የስምንት ዓመት ልጃቸውን አስቀምጠው፣ አዲስ ልክ በተወሰደ ቁጥር የአሮጌውን ወረቀት ማዕዘን እንድትቆርጥ አዘዟት፤ ማዕዘኑ በተቆረጠ ወረቀት ጨርቅ አይቆረጥም የሚለውም የዚያ ቤት ሕግ ሆነ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው በጥሩ ውጤት ካጠናቀቁ በኋላ፣ ከሠላሳ ሁለት ተማሪዎች መካከል ሴቶቹ ሁለት ብቻ በሆኑበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት የመካኒካል ንድፍ ተምረው ተመርቀዋል። የንድፍ መምህራቸው ስለ እሳቸው በሰጡት የምስክር ወረቀት ላይ መስመራቸው ቀጥ ያለ መሆኑን ጽፈው ነበር፤ ምላሳቸውም እንደዚያው ቀጥ ያለ መሆኑን መምህሩ ለመጻፍ ቢያፍሩም፣ አብረናቸው የሠራን ሁሉ በየተራችን ደርሰንበታል።

በሃያ ዓመታቸው በውኃ ፓምፕ ፋብሪካው የንድፍ ክፍል ተቀጥረው ለዘጠኝ ዓመታት ንድፍ ሲያነሡ ከቆዩ በኋላ፣ አንዲት ጠባብ መስኮትና ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ የብረት መሳቢያዎች ወዳሉበት የንድፍ ማኅደር ኃላፊ ሆነው ተዛወሩ። ሹመት ይባል እንጂ ብዙዎች እንደ ግዞት ያዩት ቦታ ነበር። እሳቸው ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩ ገብቷቸዋል፤ የአንድ ዕቃ ንድፍ በየጊዜው ይታረማል፣ አንደኛው በሁለተኛው፣ ሁለተኛው በሦስተኛው ይሻራል፤ ስለዚህ ጥሩ ንድፍ መሥራት ብቻውን አይበቃም፣ ሠራተኛው እጅ ላይ ያለው ስንተኛው እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ፣ ሥራ አስኪያጅም ይሁን ተላላኪ፣ ከሰላምታ በፊት «ይህ ስንተኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ ስለነበር፣ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም በደመወዝ መዝገብ ላይ ቀርቶ እትዬ ስንተኛው ተባሉ።

ትዳር የመሠረቱትም በዚሁ ጥያቄ ነው። የፋብሪካውን ሠራተኞች ያመላልሱ የነበሩት የአውቶቡስ ሾፌር ልባቸውን የገለጹበትን ደብዳቤ ሲሰጧቸው፣ እሳቸው ሳይከፍቱት «ስንተኛው ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ሾፌሩም ላብ እያጠመቃቸው አራተኛው መሆኑን፣ ሦስቱን መቅደዳቸውን አመኑ። የመጀመሪያውን ያመጣ ሰው አላሰበበትም ያሉት እትዬ ስንተኛው አራተኛውን ተቀብለው፣ በአርባ ዓመት ትዳራቸው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ሠላሳ አራት ዓመት ሲሆናቸው ግን እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ያልረሱት ነገር ደረሰ። ብረት እየተሽከረከረ በሚቀረጽበት በቶርኖ ቤት ልማድ እያንዳንዱ ባለሙያ የሚሠራበትን ንድፍ በዕቃ ማስቀመጫው መዝጊያ በውስጥ በኩል በሙጫ ይለጥፋል፤ አንዴ ከተለጠፈ ደግሞ የሚያነሣው የለም። አንድ የቶርኖ ባለሙያ መዝጊያው ላይ በነበረው ሦስተኛው ንድፍ አርባ የፓምፕ ዘንጎች ቆርጦ ሲያስረክብ፣ ዘንጉ የሚገባበት ኩሽኔታ ከተቀየረ ሁለት ወር ሆኖት፣ በሥራ ላይ የነበረውም አምስተኛው ንድፍ ሆኖ ተገኘ። አርባውም ዘንግ ቀጥኖ ተጣለ። አዲሱ ንድፍ አልደረሰኝም ቢል ሰሚ አላገኘም፤ የማከፋፈያው ደረሰኝም በሺህ ከሚቆጠሩት ወረቀቶች መካከል ተፈልጎ ታጣ። ሰውየው በቸልተኝነት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎበት፣ ከቶርኖው ተነሥቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። እትዬ ስንተኛው እንደሚያምኑት ነግረውታል፤ ለአለቆቹም ሦስት ጊዜ አመልክተው ሦስቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብለዋል። ማኅደሩን የምጠብቀው እኔ ሆኜ ወረቀት ባጠፋው ሰው ተቀጣ እያሉ ይበሳጩ ነበር።

ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ፋብሪካው የእያንዳንዱን ምርት ዕድሜ ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ መጨረሻው ቁርጥራጭ የሚመዘግብ የኮምፒውተር ማኅደር አስገባ። እሳቸውም ለአምስት ዓመት ከየመሳቢያው የወጣውን ወረቀት፣ ከነማከፋፈያ ደረሰኙ፣ በየንድፉ ቁጥር ሥር እያስገቡ ሞሉት። ያ ሁሉ ሀብት ግን የሚከፈተው በሦስት የቢሮ ኮምፒውተሮች ብቻ ነበርና ቶርኖ ቤቱ መዝጊያ ላይ ወረቀት መለጠፉን አልተወም። እሳቸው ይህ አላስቻላቸውም። በየወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ስክሪን ተሰቅሎ፣ ሠራተኛው የዕቃውን ቁጥር ሲያስገባ በሥራ ላይ ያለውን ንድፍ በድረ ገጽ የሚያሳይ ሰሌዳ፣ ዳሽቦርድ የሚሉት፣ ከማኅደሩ ጋር ይገናኝ ብለው ሐሳብ አቀረቡ።

ለዚህ ሥራ የተሰጧቸው ረዳት የኮምፒውተር ክፍሉ ባለሙያ ነበሩ፤ ማንም ምንም ቢጠይቃቸው ከሚመልሱት መልስ የተነሣ «ሲስተም የለም» የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸው፣ ዛሬም ከፊታችን ተቀምጠው የሚያለቅሱት ደግ ሰው። እትዬ ስንተኛው በየማለዳው ደብተራቸውን ይዘው በባለሙያው ክፍል በር ላይ ስለሚቆሙ፣ ባለሙያው በሁለተኛው ሳምንት ሲስተም የለም ማለት ትተዋል። ባለሙያው ማኅደሩ እንዴት እንደሚጠየቅ ያውቃሉ፣ እትዬ ስንተኛው ደግሞ ምን እንደሚጠየቅ፤ በስምንት ወር ውስጥም በየአሥር ደቂቃው ከማኅደሩ እያነበበ ለዳሽቦርዱ የሚያቀብል፣ ማንበብ እንጂ መነካካት ያልተፈቀደለት ፕሮግራም ሠሩ። አዲስ ንድፍ ደርሶኛል ብሎ ያልፈረመ ክፍል ካለም፣ ከስሙ ጎን ቀይ መስመር እንዲወጣ አደረጉ።

ያንን ቀይ መስመር በአሮጌ ንድፎች ላይ ሲሞክሩ ነው እትዬ ስንተኛው ከወንበራቸው ብድግ ያሉት። በዘንጉ አምስተኛ ንድፍ ላይ፣ ያኔ ታጥቶ ከመሳቢያው በወጣው ደረሰኝ ሌሎቹ ክፍሎች ሲፈርሙ የቶርኖ ቤቱ መስመር ቀይ ነበር፤ ወረቀቱ ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ለዚያ ሰው አልተሰጠም። ወዲያው ይዘውት ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄዱ። ሥራ አስኪያጁም በሙከራ ላይ ያለ ነገር ማስረጃ እንደማይሆን፣ ዳሽቦርዱ ተመርቆ ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ ግን ደብዳቤው እንደሚሻር ቃል ገቡ። የቶርኖ ባለሙያው ጡረታ ለመውጣት የቀረው አንድ ወር አልሞላም ነበርና፣ ስሙ እንደጎደፈ ከፋብሪካው ይወጣ ወይስ አይወጣ የሚለው በዚያ ምርቃት ላይ ተንጠለጠለ።

የምርቃቱ ቀን ጡረታው ሊደርስ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ሆነ። ሠራተኛው በቶርኖ ቤቱ አዳራሽ ተሰብስቦ፣ ሥራ አስኪያጁ ሪባኑን ሊቆርጡ መቀስ አንሥተው ሳለ፣ እትዬ ስንተኛው ስክሪኑ ላይ የተከፈተውን የፓምፕ ክዳን ንድፍ ዓይተው ለገዛ ሥራቸው ያንኑ ጥያቄ አቀረቡ፤ «ይህ ስንተኛው ነው?» ዘጠነኛው ነበር። ዘጠነኛው ግን ገና በንድፍ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የሚታረም እንጂ የጸደቀ አልነበረም። ዝም ቢሉ በዚያ አዳራሽ የሚያውቅባቸው አንድም ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን እጃቸውን አንሥተው፣ ማኅደሩን የመጨረሻውን ስጠን ብለነው የመጨረሻውን ሰጠን፣ የጸደቀውን ስጠን አላልነውም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሪባኑ ይቆይ አሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብለውም መቀሱን ከሥራ አስኪያጁ እጅ ተቀበሏቸው። ዘንጎቹ የተጣሉበት ያ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ክፉኛ ተቀይሞ፣ ደህና ሁኑ ሳይል አዳራሹን ጥሎ ወጣ።

ለአሥራ አንድ ቀን እሳቸውና «ሲስተም የለም» ማኅደሩ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ንድፍ በረቂቅ ላይ ያለ፣ በግምገማ ላይ ያለ፣ የጸደቀና የተሻረ ብለው ለዩ፤ ዳሽቦርዱም ለወርክሾፑ የጸደቀውን ብቻ እንዲያወጣ ሆነ። የተሻረ ንድፍ ለታሪክ ሲከፈት ደግሞ በስክሪኑ ላይ ማዕዘኑ ተቆርጦ እንዲታይ አስደረጉ። «ሲስተም የለም» ምክንያቱን ሲጠይቋቸው የእናቴ ሕግ ነው አሏቸው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዳሽቦርዱ ዳግመኛ ተከፈተ። የቶርኖ ቤቱ ፎርማን የመጀመሪያውን ቁጥር እንዲያስገቡ ተጋብዘው የዘንጉን ቁጥር አስገቡ፤ በሥራ ላይ ያለው አሥራ አንደኛው ንድፍ ወጣ፣ ታሪኩ ሲከፈትም ማዕዘናቸው የተቆረጠ አሮጌ ንድፎች ተራ በተራ መጡ፣ በአምስተኛው ላይ ያ ቀይ መስመር ለሁሉም ታየ። ከዚያ አንዱ በመፍቻው የሥራ ጠረጴዛውን መታ፣ ሌላው ተከተለ፣ መቶ ሃያ ሠራተኛ ብረት በብረት እየመታ ሕንፃውን አናወጠው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለውን በዓይናችን ያየነው ያን ዕለት ነው። ደብዳቤው በዚያው ቀን ተሽሮ፣ ሰውየው ለቀሩት ሰባት ቀናት ወደ ቶርኖው ተመለሰ፤ በሰባቱ ቀን የቆረጠው አንድም ዘንግ አልተመለሰበትም። በመጨረሻው ቀንም መዝጊያው ላይ የቀረውን አሮጌ ወረቀት በመፋቂያ ፍቆ አንሥቶ ለእትዬ ስንተኛው ሰጣቸው፤ እሳቸውም ማዕዘኑን ቆርጠው መለሱለት።

እትዬ ስንተኛው እስከ ስድሳ ዓመታቸው ያንን ዳሽቦርድ ሲያስፋፉ ቆይተው፣ በየወርክሾፑ መዝጊያ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ጠፍቶ ጡረታ ወጥተዋል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም በቤታቸውና በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው፣ ከትናንት በስቲያ ጠዋት ልጆቻቸው በዙሪያቸው ባሉበት ዐርፈዋል።

ሕመሙ ሲጠናባቸው ዜና ሕይወታቸውን የሚጽፈውን ሰው ራሳቸው መረጡ፤ ያ ሰው ዛሬ ይህን የሚያነብላችሁ፣ አርባ ዘንጎቹ የተጣሉበት የቶርኖ ባለሙያ ነው። በዚያ አዳራሽ ተቀይሞ በመውጣቱ ይቅርታ ሊጠይቃቸው አልጋቸው አጠገብ በተቀመጠ ጊዜ፣ ሪባኑ ያን ዕለት ተቆርጦ ቢሆን ስምህ በውሸት ስክሪን ይጠራ ነበር፣ ያ ደግሞ አይጸናም ብለውታል። የጻፈላቸውን እያነበቡ ስድስት ጊዜ መለሱለት፤ አንዴ ዓመት ተሳስቶ፣ አንዴ የ«ሲስተም የለም» ድርሻ አንሶ፣ አንዴ ደግሞ ምስጋና በዝቶባቸው።

እትዬ ስንተኛው የአራተኛውን ደብዳቤ ጸሐፊ ባለቤታቸውን፣ ነርስ የሆነችውን ትልቋን፣ መምህሩን ልጃቸውንና የሕንፃ መሐንዲሷን ታናሿን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ አንዲት ታላቅ እኅትንና ለወረቀት ጥፋት ሰው የማይቀጣበት አንድ ፋብሪካ ትተውልን ሄደዋል። ልብን ሁሉ የሚያነብ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን።

ስንተኛው ነው ብለው ለሚጠይቁ፣ አሁን የተነበበው ሰባተኛው ነው። የሞታቸው ቀን የሚጻፍበት ቦታ ብቻ ባዶ ሆኖ፣ ከሥሩ በገዛ እጃቸው ጸድቋል ብለው ፈርመውበታል፤ አራቱም ማዕዘኖቹ አሉ።