ሁለት ጉንፋን በአንድ አልጋ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ መካኒኩ ጋሽ አብዱልገኒ የአምስት ወር የልጅ ልጃቸውን ኻሊድን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሐቢባ ቤት ሲያዘግሙ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን የሐቢባን ልጅ ሱሀይላን ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ አገኟት።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«እናንተ ቤት። ኻሊድን ሳል ይዞታል፤ እናቱ ኑራ ደግሞ ኤርፖርት ሥራ ገባች። እናትሽ ከሕፃኑ ወንድምሽ ከሙኽታር ጋር አስተኝታ ትጠብቅልኛለች።»

«ሙኽታርም እኮ ታሟል።»

«ታዲያ ምን ይጨምርበታል? የበሰበሰ ዝናብ አይፈራም። ደሴ እያለን የታመመ ሕፃን ሁሉ አንድ አልጋ ላይ ይደረደር ነበር፤ ጎረቤት በየተራ ያስታምማል። እዚህ አጥሩ ሲረዝም ሰው አጠረ።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያ አልጋ በእውነት ይናፍቃቸዋል።

«ጋሼ፣ የሁለቱ ጉንፋን አንድ ላይሆን ይችላል። የሚቀራረቡ ሁለት ቫይረሶች አንድ ሕፃን ውስጥ ከተገናኙ፣ ሲባዙ ዘራቸው ሊቀላቀልና ሦስተኛ ሊወጣ ይችላል።»

«ጉንፋንም ይጋባል በይኛ» ብለው ሳቁባት።

መቼም ሽማግሌ የሚያስተምር ወጣት ምሳሌውን ከሽማግሌው ቤት ቢያወጣ ይሻለዋል። ሱሀይላም ይህን ታውቃለች።

«ሁለት የተጋጩ ፊያቶች ጋራዥዎ ቢገቡ ምን ያደርጋሉ?»

«የአንዱን ሞተር ለሌላው ገጥሜ አንድ መኪና አወጣለኋ።»

«ሁልጊዜ ይነሣል?»

«ብዙውን ጊዜ እንቢ ይላል። የተነሣ እንደሆነ ግን የድሮ ባለቤቱም አይለየው።»

«ቫይረሱም እንደዚያው ነው። ብዙው ቅልቅል ከንቱ ይቀራል፤ አልፎ አልፎ ግን ሰውነት የማይለየው ይወጣል። ያ ባይሆን እንኳ፣ ለዚህች ደረት ሁለት በሽታ ባንዴ ይከብዳል።»

ጋሽ አብዱልገኒ የኻሊድን ደረት አዩና ፈሩ።

«ማን ይጠብቀው ታዲያ? ኑራ ከቀረች ከሥራ ያባርሯታል።»

«እርስዎስ?»

ነገሩ ያኔ ትዝ አላቸው። ደሴ፣ በዚያ አልጋ ዙሪያ ሲያነጉ የነበሩት ሴቶቹ ናቸው፤ እርሳቸው ጋራዥ ነበሩ። የናፈቃቸው የሌላ ሰው ድካም ኖሯል።

ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ጋራዡም ተዘጋ። ሱሀይላ በነገረቻቸው መሠረት እጃቸውን በሳሙና እየታጠቡ፣ መስኮት እየከፈቱ፣ ኑራ አልባ የተወችውን ወተት በማንኪያ እያጠጡ አስታመሙ። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ጎኑ ከሰረጎደ ወደ ጤና ጣቢያ ሊሮጡ ተዘጋጅተው ነበር፤ አላስፈለገም። ሊጠይቅ የመጣውንም «ከበር ላይ ጠይቁኝ፤ ፍቅር በመሳም ብቻ አይደለም» ይሉ ጀመር። ሙኽታርም በእናቱ ቤት ለብቻው ተኝቶ ዳነ፤ ጉንፋኑ ከቤት ቤት መዞሩ ቀረ።

በአራተኛው ቀን ሳሉ ጋብ ሲል ኑራ እጇን ዘረጋች።

«አባባ፣ ደክሞዎታል፤ ይስጡኝ።»

«ትንሽ ቆዪ» አሏት፤ «ሰባታችሁም ሳላቅፋችሁ ነው ያደጋችሁት።»