«ቅመሱልኝ» ይባሉ የነበሩት እኅታችን

ሐዘናችንን ሐዘናችሁ አድርጋችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ይህን የሚያነበው የሟች ታላቅ ወንድም ነው፤ ዕድሜ ልኩን «አንቺ» ብሎ የጠራትን እኅቱን ዛሬ አንቱ እንዲላት ወግ ስላስገደደው ምላሱ ቢደናቀፍ አትፍረዱበት።

እኅታችን ከቀለም ቀቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ መስኮቷ ወደ ገበያ በምትከፈት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ሌላው ልጅ ያገኘውን ሲሸሽግ እርሳቸው የጣማቸውን ለብቻቸው መዋጥ አያውቁበትም ነበርና፣ ጣፋጭ ብርቱካን ከደረሳቸው ግማሹን ይዘው «ቅመሱልኝ» እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ ያዳርሱ ስለ ነበር፣ ቅጽል ስማቸው በዚያው ጸንቶ ቀረ። በትምህርታቸው በቋንቋና በታሪክ የሚወዳደራቸው ያልነበረ ሲሆን፣ በሒሳብ ግን የታላቅ ወንድማቸው ብጤ ነበሩ፤ ከዚህ በላይ ባንናገር ለሁለቱም ይሻላል።

ትምህርታቸውን እንደ ፈጸሙ በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ እዚያው በሚታተም ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ አንድ የሚነበብ፣ አንድ የሚበላ፣ አንድ የሚታይና አንድ ሲያሰላስሉት የሚዋል ሐሳብ ለአንባቢ የሚያካፍሉበት ዐምድ ተሰጣቸው። ራሳቸው ያልቀመሱትን ለሰው አይመክሩም፤ ከመከሩም ደግሞ ምግብ ቤቱን ጠቁመው ዝም አይሉም፤ የቱ ወንበር ከጢስ እንደሚርቅ፣ የትኛው መጽሐፍ እስከ መካከሉ ቢያሰለችም ትዕግሥት እንደሚገባው ሳይቀር ይናገራሉ። ባለቤታቸውንም ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው፤ ባሞገሱት ቤት ዓሣ ሲበላ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሊከሳቸው ጋዜጣው ቢሮ ድረስ መጥቶ፣ ክሱ በጋብቻ ተጠናቀቀ፤ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ። ከአንባቢዎቻቸው ሁሉ የሚበልጡባቸው ግን እናታችን ነበሩ፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «እስቲ ልጄ፣ ዛሬ ምን ይሻለኛል?» ብለው ሳይጠይቋቸው ከቤት አይወጡም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ለማያውቀው ግን መነገር አለበት። በአንድ አሮጌ አዳራሽ ያዩት ቴአትር ልባቸውን ስለ ነካው፣ «እሑድ ከሰዓት ሂዱና እዩ፤ ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማው ከላይ ነውና ሰገነቱ ላይ ተቀመጡ» ብለው ጻፉ። የሁላችንም ታናሽ የነበረችው እኅታችን የእርሳቸውን ቃል አምና ሰገነቱ ላይ ወጣች። ሰገነቱ ተደረመሰ፤ እርሷም፣ አብረዋት የወጡት ብዙዎችም አልተመለሱም። መርማሪዎች እንጨቱን ምስጥ እንደ በላው፣ የአዳራሹ ባለቤቶችም ይህን እያወቁ ትኬት እንደ ሸጡ ቢያረጋግጡም፣ እኅታችን በዚህ አልተጽናኑም፤ «ምስጥ ‹ከላይ ተቀመጡ› ብሎ አይጽፍም» ይሉ ነበር።

እናታችን አንዲት የወቀሳ ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። ነገር ግን ቅዳሜ ደርሶ «ዛሬ ምን ይሻለኛል?» አላሉም፤ በሚቀጥለውም፣ ከዚያም በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎች ሁሉ አላሉም። እኅታችን የዚህን ጥያቄ መቅረት እንደ ፍርድ ቆጥረው፣ እናቴ አንድ ቀን ትጠይቀኝ ይሆን እያሉ ዓመታት ጠበቁ።

ዐምዱንም ትተው የሌላውን ሰው ጽሑፍ ወደ ማረም ተመለሱ። ምግብ ቤት ሲገቡ አጠገባቸው የተቀመጠው ያዘዘውን ያዝዛሉ፤ ገበያ ላይ የቱ ቲማቲም ይሻላል ቢባሉ እንኳ «እናንተ እንደ ወደዳችሁ» ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም፤ ምርጫው ሁሉ በባለቤታቸው ላይ ወድቆ ስለ ቀረ፣ በቤታቸው የተሰቀለውን አረንጓዴ መጋረጃ ያየ ሰው ጉዳቱን ይረዳል። ከመጋረጃ የከፋው ግን ሴት ልጃቸው ልታገባው ያሰበችውን ሰው አምጥታ «እማዬ፣ እንዴት አየሽው?» ባለቻቸው ዕለት የሆነው ነው፤ የሰውየውን ክፉ ቁጣ ገና በምሳው ላይ ለይተው ያወቁት እናት «ልብሽን ጠይቂ» ብለው ዝም አሉ። ያቺ ልጅ አግብታው ከቤቱ ክንዷ ተሰብሮ፣ ሕፃኗን በደኅናው እጇ ታቅፋ በተመለሰች ጊዜ፣ «ተናግሬ አንዷን፣ ዝም ብዬ ሌላዋን» ብለው ሲያለቅሱ ሁላችንም ሰምተናቸዋል።

ሕመም የያዛቸው ጨጓራቸው ላይ ነው። ሐኪሞቹ ከፍተው አይተው ምንም ሳይነኩ መልሰው ሰፏቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀምሱት ነገር ሁሉ አልረጋ እያላቸው ከስተው አለቁ። ዕድሜ ያጎበጣቸው እናታችን በየቀኑ ይህን በሚያነበው ወንድ ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው የሆስፒታሉን ደረጃ እየወጡ ከእኅታችን አልጋ አጠገብ ያለ ቃል ተቀምጠው ይውሉ ነበር። አንድ ቀን ግን ድንገት «እስቲ ልጄ፣ ርቦኛል፤ ዛሬ ምን ይሻለኛል?» አሏቸው። እኅታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «እኔን አትጠይቂኝ፣ እማዬ» ቢሉ፣ «ታዲያ ማንን ልጠይቅ? ቁስልሽን የምነካካ እየመሰለኝ ዝም አልኩ እንጂ፣ አንቺን መቼ ከስሼሽ አውቃለሁ!» ብለው መለሱላቸው። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች፣ አንዷ ለሌላዋ አዝና፣ ይህን ሁሉ ዘመን በዝምታ ማሳለፋቸው ያንገበግባል። እኅታችን ፊታቸውን ወደ እናታችን መልሰው፣ «ከሆስፒታሉ በር ማዶ ያለችው ምግብ ቤት የዱባ ሾርባ አላት፤ ሎሚ ጠብ አድርገሽበት ጠጪ፤ የት እንደምትቀመጪ ግን አንቺው ምረጪ» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ያ ሾርባ ሾርባ አልነበረም። እኅታችን የሚያውቋት ወጥ ሠሪ ቤቱን ከለቀቀች ብዙ ዘመን አልፏል፤ የቀረበው ጨው ያልነካው ለብ ያለ ውኃ ስለ ነበር፣ ይህን የሚያነበው አንድ ማንኪያ ቀምሶ ገፋው። እናታችን ግን ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ጨረሱና «ተነሥ፣ ልንገራት» ብለው ቀድመው ወጡ። ደረጃውን ወጥተው ሲደርሱ ነርሷ አንሶላውን በልጃቸው ፊት ላይ ስትስብ አገኟት። ገልጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ በጆሯቸው «ጣፍጦኛል፣ ልጄ» አሏቸው። እናታችን በዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው ሐሰት ሲናገሩ የሰማናቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም አሁን ሁለት ሴት ልጆች የቀበሩትን እናታቸውን ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ጸጸት በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ቀድማቸው የሄደችው ታናሻችንም ደጅ ወጥታ ትቀበላቸው።